ለሱሉልታዋ እማማ የላክኋቸው መልሶች

ዶክተር አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱም ሦስት ዓመት ሙሉ ሰዎች «ዶክተር» ሲሉኝ አንድም ቀን አላረምኳቸውም። ያለኝ በእንስሳት ጤና ያገኘሁት ዲፕሎማ ነው። ሰበታ ውስጥ አንድ የመኖ ማቀነባበሪያ ተቀጥሬ የመኖ ጥራት እፈትሻለሁ፤ ማለትም ቀኑን ሙሉ በቆሎና ፋጉሎ እያፈስኩ አሸታለሁ። ዓለም ገና ያለው ቤቴ ጓሮ ደግሞ አርባ ዶሮዎች አሉኝ። አንድ ቀን የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ዶሮ አርቢዎች በስልክ የሚገናኙበት ግሩፕ ውስጥ ገባሁ። አንድ ሰው ዶሮዎቹ ለምን ላባ እንደሚነቃቀሉ ጠየቀ፤ መለስኩለት። «እናመሰግናለን ዶክተር» አለኝ። በዚያው ቀረሁ።

ሰው ሲያመሰግነኝ ደስ ይለኛል። ኃጢአት ከሆነ ገና ንስሐ አልገባሁበትም።

ጥያቄዎቹ ዞረው ዞረው አንድ ነበሩ። ለምን ትስላለች፣ ለምን ከሳች፣ ለምን እንቁላል አቆመች። ያንኑ ነገር በየቀኑ መጻፍ ሲሰለቸኝ አሥራ ሁለት መልሶች አሳምሬ ጽፌ ስልኬ ላይ አስቀመጥኩ። አንድ ቁጥር ስለ ፈንግል በሽታ ክትባት ነው፤ ሁለት ቁጥር ስለ ተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት፤ አራት ስለ መኖ፤ ሰባት ስለ መብራት፤ እያለ ይቀጥላል። ሰው ሲጠይቅ ቁጥሩን መርጦ መላክ ብቻ ነው። ጠዋት ሚኒባሱ ከዓለም ገና ተነስቶ ሰበታ እስኪደርስ አምስት ስድስት ሰው ረድቼ እወርዳለሁ። ባለቤቴ ይህን ሥራዬን «ጵጵስናህ» ትለዋለች።

«የሱሉልታን ዶሮ ሁሉ ባርከህ ጨረስክ» አለችኝ አንድ ቀን፤ «የጓዳችን አምፖል ከተቃጠለ ግን ሁለት ሳምንቱ ነው።»

በግሩፑ ውስጥ የማልወዳት አንዲት ሴት ነበረች። ቡራዩ ነው የምትኖረው። ሰው ጥያቄ ሲያቀርብ እሷ የምትጽፈው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ «እኔ አላውቅም፤ ግን ልደውልና አብረን እንየው።» ትደውላለች። አንድ ሰዓት ታወራለች። በማግስቱ ደግሞ ደውላ «እንዴት አደረች?» ትላለች፤ ስለ ዶሮዋ። ሰዉ ሲያመሰግናት ከእኔ በላይ ነው የሚያመሰግናት፤ ያውም ስለማታውቀው ነገር! ይኼ ነገር ቆረቆረኝ። አንድ ቅዳሜ ትዕግስቴ አለቀና ለሁሉም በሚታይበት ጻፍኩ፤

«ዕውቀት ማካፈል አንድ ነገር ነው፤ የሰው ሞግዚት መሆን ሌላ ነገር። እኔ በአንድ ሰዓት ሃያ ሰው እረዳለሁ። እርስዎ አንድ ሰው።»

«ሃያዎቹን ዶሮዎቻቸው ድነው እንደሆነ መልሰው ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?» ብላ መለሰች።

ጠይቄ አላውቅም ነበር። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«እርስዎ እንደ መድኃኒት ቤት መስኮት ነዎት» አለች፤ «ዕቃውን በቀዳዳ ያሾልኩና ‹ቀጣይ!› ይላሉ።»

የሚስቁ ፊቶች ግሩፑን ሞሉት። ስልኬን አጥፍቼ ወደ ዶሮዎቼ ሄድኩ። እነሱ ቢያንስ አይጽፉም።

የሱሉልታዋ እማማ ወደ ግሩፑ የገቡት በዚያው ሰሞን ነው። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ ይመስለኛል። ኑሯቸው ሰሜን ነበር፤ ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው ሱሉልታ በሠራው ቤት ሊኖሩ መጡ። ልጁ አዲስ አበባ ነው የሚሠራው፤ በጠዋት ወጥቶ ሲመሽ ይመለሳል። እማማ አይጽፉም፤ ድምፃቸውን ቀድተው ይልካሉ። አንዱ መልእክት አራት ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ሰላምታ ይመጣል፤ ከዚያ የሱሉልታ ንፋስ፣ ከዚያ ጉልበታቸው፣ ከዚያ የዕለቱ ታቦት፣ ከዚያ ምርቃት። ጥያቄው ሊያበቃ ሃያ ሰከንድ ሲቀረው ብቅ ይላል፤

«እና ልጄ፣ እነዚህ ዶሮዎች እንቁላል ከለከሉኝ። አሥራ ሁለት ናቸው። ምን በደልኳቸው?»

እኔ መልእክታቸውን በእጥፍ ፍጥነት ነበር የማዳምጠው። እንደዚያ ሲሆን ምርቃቱ እንደ ጨረታ ጥሪ ይንደቀደቃል። አዳምጬ እንኳ ሳልጨርስ አራት ቁጥርን ላክሁ፤ መኖ። በሳምንቱ ተመለሱ፤ መኖውን ቀየሩ፤ ምንም የለም። ሁለት ቁጥርን ላክሁ። ቅርፊት ፈጭተው አበሉ፤ ምንም የለም። ሰባት ቁጥርን ላክሁ፤ ዶሮ በቀን አሥራ ስድስት ሰዓት ያህል ብርሃን ካላገኘች እንቁላል ትቀንሳለች የሚለውን። አምፖል አሰቀሉ። ጎረቤት ጮኸባቸው፤ ምንም የለም። ዘጠኝ ቁጥርን ላክሁ፤ የሆድ ትል። ያንንም አደረጉ። በየሳምንቱ አራት ደቂቃ፣ በየሳምንቱ «ምንም የለም»። እሳቸው የታዘዙትን ሁሉ ሲያደርጉ የእኔ መልስ አለመሥራቱ ያናድደኝ ጀመር። እውነቱን ለመናገር፣ የተናደድኩት በእሳቸው ነው። በመጨረሻ አሥራ አንድ ቁጥርን ላክሁ። አሥራ አንድ ቁጥር አጭር ነው፤ «ዶሮዎቹ አርጅተዋል። ለወጥ ያውሏቸው።»

በዚያን ቀን የእማማ መልእክት አራት ደቂቃ አልነበረም። ስድስት ሰከንድ ነበር።

«እኔም አርጅቻለሁ ልጄ» አሉ፤ «እስካሁን ግን ወጥ ያደረገኝ የለም።»

ግሩፑ ሁለት ቀን ሙሉ ሳቀ። ፋብሪካችን ውስጥ ሚዛን ላይ የሚሠራው ጓደኛዬም ለካ የግሩፑ አባል ነው፤ ሰኞ ጠዋት በር ላይ ጠብቆ «ዶክተር፣ ለአሮጊቷ አክስትህ ደግሞ ስንት ቁጥር ልትልክላት ነው?» አለኝ። ባለቤቴ ሰማች። እሷም ሳቀች፤ ይሄኛው ነው ያመመኝ።

ረቡዕ ቀን የቡራዩዋ ሴት ለብቻዬ ጻፈችልኝ። «እሑድ እማማ ጋ እሄዳለሁ። እኔ ስለ ዶሮ ብዙ አላውቅም። ቢመጡ ጥሩ ነው።» ለእማማ አዝኜ ሄድኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። የሄድኩት ስሜን ላስመልስ ነው።

እሑድ በጠዋት ከዓለም ገና ወደ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ወደ መርካቶ፣ ከመርካቶ ወደ አዲሱ ገበያ ታክሲ እየቀያየርኩ ደረስኩ። የተቀጣጠርነው እዚያ ነው። በግሩፑ ላይ ፎቶዋ የጽጌረዳ አበባ ስለሆነ እኔ በአእምሮዬ ግዙፍ፣ ድምፀ ጎርናና ሴትዮ ሠርቼላት ነበር። የመጣችው ግን ትከሻዬ የማትደርስ፣ ቦት ጫማ በፌስታል የያዘች ሴት ናት። ቡራዩ ውስጥ ጸጉር ቤት አላት።

«ስንት ዶሮ ነው ያለሽ?» አልኳት ሱሉልታ ታክሲ ውስጥ እንደተቀመጥን።

«ስድስት። ሰባት ነበሩ፤ አንዷን ጭልፊት ወሰደብኝ።»

«ስድስት!»

«ምነው?»

«እና በየቀኑ አንድ ሰዓት በስልክ የምታወሪው በስድስት ዶሮ ዕውቀት ነው?»

«ሹሩባ ስሠራ እኮ እጄ ነው ሥራ የሚይዘው፤ ጆሮዬ ባዶ ነው» አለች። «ደንበኞቼም ያግዙኛል። የምትሠራው ሴትዮ አራት ሰዓት ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው፤ ታዲያ ምን ታድርግ? ስለ ዶሮ ታስባለች።»

ለሦስት ዓመት በልቤ ስከራከር የኖርኩት ከአንድ ጸጉር ቤት ሙሉ ሴት ጋር እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ታክሲው የእንጦጦን ጋራ ተሻግሮ ሱሉልታ ሲገባ ብርዱ ጉንጭ ይቆነጥጣል። በሜዳው ላይ የሣር ክምር እዚህም እዚያም ቆሟል። ከአስፋልቱ ባጃጅ ይዘን እማማ ቤት ስንደርስ አራት ሰዓት ሆኗል። እማማ ቀጭን፣ ነጠላቸውን በደንብ ያጣፉ፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሴት ናቸው። ሁለታችንንም ሳሙን። አሥራ አንድ ቁጥርን አላነሱም። ባያነሱት ጊዜ ይባስ ከበደኝ።

የዶሮ ቤቱን ሳይ ደነገጥኩ። ከእኔ ሳሎን ይጸዳል። አምፖሉ ተሰቅሏል፤ የተፈጨው ቅርፊት በሳህን ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ ደግሞ ካሌንደር ተገልብጦ ተለጥፏል፤ ጀርባው ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፎበታል። ጠጋ ብዬ አነበብኩት። የእኔ መልሶች ናቸው። አራት፣ ሁለት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ።

«የስልኩ ፊደል ለዓይኔ ደቃቃ ሆነብኝ» አሉ እማማ። «ልጄ ማታ ሲገባ ቁጭ ብሎ ገለበጠልኝ። ቃል በቃል ነው የማደርገው።»

የቡራዩዋ ሴት አየችኝ። እኔ አምፖሉን አየሁ።

አንዷን ቀይ ዶሮ ያዝኩ። የምትጥል ዶሮ ትታወቃለች፤ ራሷ ላይ ያለው ኩክኒ ደማቅ ቀይ ነው፤ ከኋላዋ ያሉት ሁለት አጥንቶች ተራርቀው መሀላቸው ሁለት ሦስት ጣት ያስገባል። ሦስት ጣት አስገባ። ሁለተኛዋን ያዝኩ፤ ያው ነው። ሦስተኛዋም።

«እማማ፣ እነዚህ ዶሮዎች እኮ ይጥላሉ» አልኩ።

«እና እንቁላሉን እኔ ደብቄ ነው ሱሉልታ ድረስ ያመጣኋችሁ?»

ስለ እባብ፣ ስለ ውሻ፣ የራሷን እንቁላል ሰብራ ስለምትበላ ዶሮ ማስረዳት ጀመርኩ። አሥራ ሦስተኛ ቁጥር ሊሆን የሚችል ነገር በአፌ እየተሠራ ነበር። የቡራዩዋ ሴት አቋረጠችኝ።

«እማማ፣ ቀኑን የት ነው የሚውሉት?»

«ጠዋት በሩን እከፍትላቸዋለሁ። እስረኛ ናቸው እንዴ?»

አንድ ወር ሙሉ መኖ አስቀይሬ፣ አምፖል አሰቅዬ፣ መድኃኒት አስውጬ፣ ይህችን አንዲት ነገር አልጠየቅሁም ነበር።

«እንግዲያው ቁጭ ብለን እንያቸው» አለች የቡራዩዋ ሴት።

«እስከ መቼ?»

«እስኪጥሉ ነዋ።»

ሦስት ዱካ ወጣልን። ቆሎና እርጎ መጣ። ተቀምጠን ዶሮ ማየት ጀመርን። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ስልኬን እየነካካሁ አሳለፍኩ፤ በግሩፑ ላይ አራት ጥያቄ ተጠይቆ አራቱንም በቁጥር መለስኩ። ከዚያ እማማ ወሬ ጀመሩ። ሠላሳ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ልብስ አጣቢ ነበሩ።

«የዶክተር ጋወን ስንቱን አጥቤያለሁ!» አሉ። «ከኪሱ የማይወጣ ነገር የለም። መርፌ ይወጣል፣ ማስቲካ ይወጣል፣ የፍቅር ደብዳቤ ይወጣል። አንዱ ደግሞ ‹ይህ በሽታ ምንድን ነው?› ብሎ ለራሱ የጻፈውን ወረቀት አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ያንን ሰው በጣም ነው የወደድኩት።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ፣ የየትኛው ሆስፒታል ዶክተር ነህ?»

«ዶክተር አይደለሁም፣ እማማ። ዲፕሎማ ነው ያለኝ።»

ይህን ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። የቡራዩዋ ሴት እርጎው ትን አላት። እማማ ግን «እሰይ፣ እንግዲያው ትማራለህ» ብለው ወሬያቸውን ቀጠሉ።

ስድስት ሰዓት ሲቃረብ አንዷ ግራጫ ዶሮ ከሌሎቹ ተለየች። አጥሩን ይዛ ሄደች፤ ቆም አለች፤ ዞር ብላ እኛን አየች። ከዚያ በተቀደደ ቆርቆሮ ሥር ሾልካ ጠፋች። ተነስተን በአጥሩ ላይ አጮለቅን። በወዲያኛው ግቢ አንድ ትልቅ የሣር ክምር አለ። ዶሮዋ ከክምሩ ሥር ገብታ ተቀመጠች። ከጎኗ ሌሎች ሁለት የእማማ ዶሮዎች ተኝተዋል።

«ከኚያ ሰውዬ ጋር አንግባባም» አሉ እማማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እሳቸው የሚናገሩት ለእኔ አይገባኝም፤ የእኔም ለእሳቸው። አንድ ቀን ስለ መብራቱ ጮኹብኝ። ከዚያ ወዲህ ፊት ተዟዙረናል።»

እዚህ ላይ እኔ ጠቃሚ ሰው ሆንኩ፤ በዶሮ ግን አይደለም። ቤተሰቦቼ ከጥንት ጀምሮ የሰበታ ገበሬዎች ናቸው፤ ኦሮምኛ የእናቴ ቋንቋ ነው። በበሩ ዞረን አንኳኳን። ሰውዬው ረጅም፣ ጋቢ የደረቡ አዛውንት ናቸው።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ?» ብዬ ደህንነታቸውን ጠየቅኋቸው።

«ፈያ፣ ገላታ ዋቃ» ብለው ፈጣሪን አመሰገኑ፤ ከኋላዬ የቆሙትን እማማን ሲያዩ ግን ፊታቸው ተቋጠረ።

ስለ ዶሮዎቹ ነገርኳቸው። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ለካ እየሳቁ ነው። ወደ ቤት ተጣርተው ባለቤታቸውን አስወጡ፤ እሷም ስትሰማ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ነገሩ እንዲህ ነው። እሳቸው አራት ዶሮ አላቸው። ካለፈው ወር ጀምሮ ግን ከሣራቸው ሥር በየቀኑ ስምንት ዘጠኝ እንቁላል ይገኛል። ባለቤታቸው «ስለቴ ሰመረ» ብላ ለቤተ ክርስቲያን ሻማ አስገብታለች።

«አራት ዶሮ ዘጠኝ እንቁላል እንደማይጥል ያውቃሉ አይደል?» አልኳቸው በኦሮምኛ።

«ገበሬ እኮ ነኝ» አሉ። «መቁጠር አያቅተኝም። ግን በረከትን ከየት መጣህ ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው?»

«ታዲያ ስለ መብራቱ ለምን ጮኹባቸው?»

«ዓይኔን አጠፋው! መስኮቴ ላይ ነው የሚያበራው። በነጋታው ሳስበው ግን መብራቱ ከበራ ወዲህ እንቁላሉ ጨምሯል። እና ዳግመኛ አልጮህኩም።»

ይህን ለእማማ ተረጎምኩላቸው። ሰባት ቁጥር ትክክል ነበር! ያፈራው በአጥሩ ማዶ ሆኖ ነው እንጂ። የቡራዩዋ ሴት አጥሩን ይዛ ጎንበስ ብላ እስኪያማት ሳቀች።

እማማ አልሳቁም። ጣታቸውን ወደ ሰውዬው ቀስረው በአማርኛ ተናገሩ፤ «በላቸው፣ ግማሹን ይውሰዱ። ሣሩ የእሳቸው ነው። ግን አንድ ወር ሙሉ እያዩኝ ስሰቃይ መጥቶ አለመናገር ምን ይባላል? ይህን ንገርልኝ።»

ነገርኳቸው፤ ጥቂት አለስልሼ። ሰውዬው ጋቢያቸውን አስተካክለው «እውነታቸውን ነው» አሉ። ባለቤታቸው ግን ማለስለሴን ይዛኛለች።

«ልጄ፣ እሳቸው እንደዚያ ብቻ አላሉም» አለችኝ ጥርት ባለ አማርኛ።

እማማ ዞር ብለው አዩዋት። «አማርኛ ትችያለሽ?»

«አዎ፣ እችላለሁ። ማን አናገረኝ?»

ሁለቱን ሴቶች እዚያው በር ላይ ትተን ወደ ዱካችን ተመለስን፤ ከእኛ ጋር ምንም ጉዳይ አልነበራቸውም። ስንሄድ ከሁለቱም ቤት እንቁላል በፌስታል ተሰጠን።

በታክሲ ስንመለስ እንደገና ተጣላን።

«ቋንቋውን ባላውቅ ኖሮ ምን ልትሆኚ ነበር?» አልኳት። «የዶሮዋን አጥንት መፈተሽ ባላውቅስ? እስከ ፋሲካ መኖ ስታስቀይሪ ትኖሪ ነበር። ዕውቀት ነው ነገሩን የፈታው።»

«ዱካ ላይ ሁለት ሰዓት ባትቀመጥስ? ያንን ሁሉ ዕውቀት እኮ ወሩን ሙሉ ይዘኸው ነበር፤ ከሰበታ።»

«አንድ እሑድ ሙሉ ለአንዲት ሴትዮ! ግሩፑ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«ታዲያ እኔ ሁሉም ጋ ሂድ አልኩህ?»

የእንጦጦን ቁልቁለት ስንወርድ ታክሲው ፍሬን ያዘና ሁለት እንቁላል ቀሚሷ ላይ ተሰበረ። ክርክሩ በዚያው ቆመ እንጂ አልተስማማንም። ዛሬም አልተስማማንም።

እማማ ከዚያ በኋላ ድምፅ መላክ ቀነሱ፤ ከሁለት ወር በኋላ ከግሩፑ ወጡ። የቡራዩዋ ሴት ደውላ ስትጠይቃቸው «ጎረቤቴን እጠይቃለሁ፤ እሷ ደቂቃ አትቆጥርብኝም» አሏት። እኔ ቁጥሮቼን አልተውኩም። ብዙ ሰው ነው የሚጠይቀው፤ ያለ ቁጥር አልችለውም። ብቻ ከመላኬ በፊት «ቀኑን የት ነው የሚውሉት?» ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። ሰዉ አልወደደውም። አንዱ «ዶክተር፣ እኛ የፈለግነው መልስ ነው፤ ጥያቄማ ራሳችን አለን» ብሎ ጻፈ። ዶክተር እንዳልሆንኩ በግሩፑ ላይ ጽፌ ነበር፤ ትሕትና መሰላቸው። ይባስ አከበሩኝ።

አልፎ አልፎ እሑድ ቀን ቅርብ ወደሆነ ሰው እሄዳለሁ። ሁሉም እንደ ሱሉልታው አይደለም። ባለፈው ተፍኪ አንድ ሰው ጋ ሄጄ ነበር። ሠላሳ ዶሮ ነበረው፤ አንገታቸው እየተጠመዘዘ፣ አረንጓዴ እያስቀመጣቸው ይሞታሉ። ገና ከበሩ ሳይ አወቅሁት፤ ፈንግል ነው። አንድ ቁጥር። ዓመት ሙሉ በግሩፑ አናት ላይ ተለጥፎ የኖረ መልስ ነው።

«አላየኸውም?» አልኩት።

«አየሁት» አለ። «ረጅም ነው። ሰው ሲመጣ እጠይቃለሁ ብዬ ተውኩት።»

ከታመሙ በኋላ መድኃኒት የለውም። ሦስት ሰዓት ያህል እዚያው ቆየሁ፤ ያዳንኩት ነገር የለም። ለሞቱት አብረን ጉድጓድ ቆፈርን፤ ኖራ ነስንሰን ቀበርናቸው። አንድ ቁጥርን እየቆፈርን በቃሌ ነገርኩት፤ አካፋውን ተደግፎ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ምሳ ሽሮ ቀረበ። ሚስትየው አፈረች።

«የዶሮ ሐኪም ቤታችን መጥቶ ሽሮ ይብላ?» አለች።

«ምን ታደርጊ» አለ ባልየው፤ «ዶሮዎቹን ራሱ ቀብሯቸው መጣ።»

ሦስታችንም ሳቅን፤ ከዚያ በላን። በሽታው በጫማ ስለሚሄድ ዓለም ገና ስደርስ ጫማዬን ከአጥሩ ውጪ አውልቄ፣ ካልሲዬንም እዚያው ትቼ በባዶ እግሬ ገባሁ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ከየት ገዳም ነው የመጣኸው?» አለች፤ ውኃ ልታመጣልኝም ገባች።